የድሮውን የጃፓን ሴቶች ሬስሊንግ ማየትና መመዘን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው።

«ክላሲክ» የሚባለው የትኛው ዘመን ነው?

ብዙ ተመልካች የሚስማማበት ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። የዘመኑ ዋና ቤት ዜንጆ ነበር። ዜንጆ «ዜን ኒሆን ጆሺ ፑሮሬሱ» የሚለው ረጅም ስም ማሳጠሪያ ነው። ድርጅቱን የማትሱናጋ ወንድማማቾች በ1968 መሠረቱት፤ በ2005 ተዘጋ። ግጥሚያዎቹን ለሕዝብ ያደረሰው ፉጂ ቴሌቪዥን ነው።

በውስጡ ሦስት ማዕበሎች አሉ፤ እያንዳንዱም በራሱ መለኪያ መታየት አለበት። የመጀመሪያው የ«ቢውቲ ፔር» ጊዜ ነው። ጃኪ ሳቶና ማኪ ኡዌዳ እየዘፈኑም እየታገሉም የልጃገረዶችን ልብ የገዙ ጥንዶች ነበሩ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1979 ግን ቶኪዮ በሚገኘው ቡዶካን አዳራሽ እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ። ስምምነቱ የተሸነፈች ሬስሊንግን ትተዋለች የሚል ነበርና ኡዌዳ ተሸንፋ ወጣች። ሁለተኛው ማዕበል ቺጉሳ ናጋዮና ላዮነስ አሱካ በ1983 ያቋቋሙት «ክራሽ ጋልስ» ነው። ሦስተኛው ቡል ናካኖ፣ አጃ ኮንግ፣ ማናሚ ቶዮታ፣ አኪራ ሆኩቶና ኪዮኮ ኢኖዌ የነገሡበት የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዜንጆ ውጪ የነበሩትም መዘንጋት የለባቸውም። በ1986 የተቋቋመው ተፎካካሪ ድርጅት በ1992 ጄደብሊውፒ እና ኤልኤልፒደብሊው ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ ናጋዮም በ1995 ጋያ የተባለውን የራሷን ድርጅት ከፈተች።

ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ ምኑ ይመዘናል?

የሚመዘነው አሠራሩ ነው። ማን እንደምታሸንፍ ቢታወቅም መውደቁ፣ መመታቱና የትንፋሽ ማጠሩ እውነተኛ ነው። ከምንጣፉ ሥር ያለው ሳንቃና ብረት ነው። አኪራ ሆኩቶ በ1987 ገና ወጣት ሳለች በሁለት ዙር ድል በሚለይ ግጥሚያ ላይ አንገቷ ተሰብሮ፣ ጭንቅላቷን በእጆቿ ደግፋ ጨርሳለች። ስለዚህ «የውሸት ነው» የሚለው ቃል ስለነዚህ ግጥሚያዎች ምንም አይነግረንም።

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ ምት ከተሰነዘረ በኋላ ግጥሚያው ተለወጠ ወይ? በ5ኛው ደቂቃ ላይ የተጠመዘዘ ክንድ በ20ኛው ደቂቃ ላይ ተቀናቃኝን ማንሳት ሲያቅተው ካያችሁ፣ በዚያ ግጥሚያ ውስጥ ሐሳብ አለ። አንዲቷ ሦስት ጊዜ ሞክራ የከሸፈባት ጥቃት በአራተኛው ሲሳካና ግጥሚያውን ሲዘጋ ካያችሁም እንዲሁ። ዝላዩ የቱንም ያህል ቢያምር ከፊቱም ከኋላውም ካለው ጋር ካልተያያዘ ዋጋው ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በዜንጆ ከፊል ግጥሚያዎች ውጤታቸው በእርግጥም በትግል ይለይ ነበር፤ ይህን በኋላ ብዙ የቀድሞ ተፋላሚዎች በግልጽ ተናግረዋል። አሠራሩ «ኦሳኤኮሚ» ይባላል። የተለመዱት ጥቃቶች ከተሰነዛዘሩ በኋላ ሁለቱ ትከሻ ከምንጣፍ ለማጣበቅና ላለመጣበቅ በሙሉ ጉልበታቸው ይተናነቃሉ። በ1980ዎቹ የጀማሪዎች ግጥሚያ መጨረሻ ላይ ውበት የሌለው፣ የሚንፈራገጥና የተጣበቀ ግብግብ ብታዩ «ሥራው ተበላሸባቸው» ብላችሁ ነጥብ አትቀንሱ። ምናልባት የምታዩት በዚያ ምሽት ከነበሩት ሁሉ እውነተኛውን ፉክክር ሊሆን ይችላል።

ሕጉን በአጭሩ?

ትከሻ ምንጣፍ ላይ ሆኖ ዳኛው እስከ 3 ከቆጠረ፣ ወይም አንዷ በቁልፍ (መገጣጠሚያን ጠምዝዞ በሚይዝ ጥቃት) ተይዛ እጅ ከሰጠች ያበቃል። ገመድ የነካችን ተፋላሚ መልቀቅ ግዴታ ነው። ወድቃ እስከ 10 ተቆጥሮ ያልተነሳች ትሸነፋለች። የዜንጆ ትልቁ ሽልማት «ቀይ ቀበቶ» የሚባለው የደብሊውደብሊውደብሊውኤ የዓለም ሻምፒዮና ነበር፤ ቀጥሎ «ነጭ ቀበቶ» የሚባለው ኦል ፓሲፊክ ነበረ። የቀይ ቀበቶ ግጥሚያ 60 ደቂቃ ይሰጠው ነበር። የጥንዶች (ሁለት ለሁለት የሚጋጠሙበት) ቀበቶ ብዙ ጊዜ ከሦስት ዙር ሁለቱን ላሸነፈ ስለነበር፣ አንዱ ዙር ባልተጠበቀ ፍጥነት ቢያልቅ ጉድለት አይደለም፤ ለሚቀጥለው ዙር ቂም ማስቀመጫ ነው።

ከየት ልጀምር?

ከ60 ደቂቃዎቹ አትጀምሩ። ዓይን ሳይለምድ ረጅም ግጥሚያ ላይ መቀመጥ አዲስ ተመልካችን የሚያሸሽ የመጀመሪያው ስህተት ነው።

መጀመሪያ ኦገስት 28 ቀን 1985 ኦሳካ ካስል አዳራሽ ላይ የተደረገውን የቺጉሳ ናጋዮና የዳምፕ ማትሱሞቶን የጸጉር ግጥሚያ እዩ። የተሸነፈች ትላጫለች። በድሮ ቪዲዮ ቤት አነጋገር ናጋዮ «አክተሯ»፣ ዳምፕ ደግሞ «ቦሷ» ናት። ቋንቋ ሳይፈልግ ሁሉም ነገር ይገባችኋል። ናጋዮ ተሸንፋ ሪንግ ውስጥ ስትላጭ የሚሰማው የልጃገረዶች ለቅሶ እስከዛሬ በሬስሊንግ ከተቀረጹ ድምፆች ሁሉ ከባዱ ነው።

ቀጥሎ ኖቬምበር 14 ቀን 1990 ዮኮሃማ ላይ ቡል ናካኖና አጃ ኮንግ በብረት ቅጥር ውስጥ ያደረጉትን። ናካኖ ከቅጥሩ ጫፍ ላይ ዘላ በእግሯ ኮንግ ላይ የወረደችበት ነው። ከዚያ ኦገስት 15 ቀን 1992 የማናሚ ቶዮታና የቶሺዮ ያማዳ የጸጉር ግጥሚያ። እዚህ ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው። ቶዮታ ካሸነፈች በኋላ የያማዳን መላጨት ለማስቆም ስትታገል ይታያል። ከ1985ቱ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት፤ አንድ ዓይነት ውርርድ፣ ፍጹም ሌላ ታሪክ።

አራተኛው ኤፕሪል 2 ቀን 1993 ዮኮሃማ አሬና ላይ «ድሪም ስላም» በተባለው ምሽት የተደረገው የአኪራ ሆኩቶና የሺኖቡ ካንዶሪ ግጥሚያ ነው። ስለዚህኛው ከታች በሰፊው አለ። አምስተኛ የቶዮታና ያማዳን ከዳይናማይት ካንሳይና ማዩሚ ኦዛኪ ጋር ያገናኙ የጥንድ ግጥሚያዎች ናቸው። ሦስት ናቸው፦ ኖቬምበር 26 ቀን 1992፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1993 እና ዲሴምበር 6 ቀን 1993። በተራ ካልታዩ ግማሽ ትርጉማቸው ይጠፋል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ያስታውሳልና።

የ60 ደቂቃውን የቶዮታና የኪዮኮ ኢኖዌ አቻ ውጤት (ሜይ 7 ቀን 1995፣ ኮራኩዌን አዳራሽ) ለመጨረሻ አቆዩት።

የያዝኩት ቅጂ ሙሉ ነው ወይስ የተቆረጠ?

ከመመዘን በፊት ይህ መጣራት አለበት። የቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ጊዜው አጭር ስለነበር የ25 ደቂቃ ግጥሚያ 12 ደቂቃ ሆኖ ይተላለፍ ነበር። ለሽያጭ የወጡት ካሴቶች በአብዛኛው የተሻሉ ቢሆኑም ከዋናው በፊት የሚደረጉትን ትንንሽ ግጥሚያዎች ይቆርጣሉ። የተቆረጠን ግጥሚያ «እንዴት ይፈጥናል!» ብሎ ማድነቅ፣ ወይም «ሕመሙ የት ሄደ?» ብሎ መውቀስ ሁለቱም ስህተት ነው። ሕመሙ የሄደው ከአርታኢው መቀስ ጋር ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በጃፓን አዳራሾች አስተዋዋቂው ያለፈውን ደቂቃ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። «ጎፉን ኬይካ» ካለ 5 ደቂቃ አለፈ ማለት ነው፤ «ጁፑን ኬይካ» 10፣ «ጁጎፉን ኬይካ» 15፣ «ኒጁፑን ኬይካ» 20፣ «ሳንጁፑን ኬይካ» 30። ደወሉ ሲደወል የስልካችሁን ሰዓት ጀምሩ። ጥሪው 10 ሲል የእናንተ ሰዓት 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ካለ፣ ሦስት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ጎድሏል። ጥሪው ካልተሰማ በመጨረሻው ላይ የሚነበበውን ወይም የሚጻፈውን የግጥሚያ ጊዜ ከቪዲዮው ርዝመት ጋር አነጻጽሩ።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የሕዝቡ ድምፅ በድንገት ከጩኸት ወደ ዝምታ ከዘለለ፣ ፊት ላይ ያልነበረ ደም በአንድ ቅጽበት ከታየ፣ ወይም ምሰሶው አጠገብ የነበረች ተፋላሚ ወዲያው መሃል ላይ ከተገኘች ተቆርጧል። ካሜራ መቀየር ብቻውን ግን መቆረጥ አይደለም። ካሜራው ሲቀየር የሕዝቡ ድምፅ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ችግር የለም።

ከካሴት ወደ ካሴት ብዙ ጊዜ የተገለበጠ ቅጂ ላይ ደግሞ የሚጎዳው ድምፁ ነው። የምቱ ድምፅ ሲታፈን የአጃ ኮንግ ኡራኬን (ዞራ በእጇ ጀርባ ፊት ላይ የምታሳርፈው) ተራ ጥፊ ይመስላል። ሁለት ቅጂ ካገኛችሁ ምስሉ ከጠራው ይልቅ ድምፁ የጠራውን ምረጡ።

አንድን ግጥሚያ እንዴት ልየው? ምን ልጻፍ?

ሁለት ጊዜ እዩት። በመጀመሪያው ምንም አትጻፉ፣ አታቁሙ፣ ወደ ኋላ አትመልሱ። ሲያልቅ ብቻ ሦስት መስመር ጻፉ፦ የትኛው ቅጽበት ቀረላችሁ፣ የት ላይ ሐሳባችሁ ሸሸ፣ ማሸነፊያው አሳመናችሁ ወይ። እነዚህ ሦስት መስመሮች በኋላ ከምትጽፉት ትንታኔ ይልቅ ታማኝ ናቸው።

በሁለተኛው ጊዜ ደቂቃውን እየመዘገባችሁ እዩ። የተጎዳው የአካል ክፍል የትኛው ነው? መቼ ተጀመረ? መቼ ተመልሰው መጡበት? የከሸፉ ጥቃቶችን በተለይ መዝግቡ፤ ብዙ ጊዜ የግጥሚያው አጥንት እነርሱ ናቸው። ዳኛው ሁለት ብሎ ሦስት ሊል ሲል ያመለጡ ቆጠራዎችንም ቁጠሩ። ቁጥሩ ራሱ መልካምም ክፉም አይደለም። ሕዝቡ በእያንዳንዱ ይበልጥ ከጮኸ ሠርቷል፤ ከአራተኛው በኋላ ጩኸቱ ከቀነሰ ተፋላሚዎቹ መዝጋት የነበረባቸውን ጊዜ አሳልፈዋል።

ሕዝቡን ስትሰሙ ዘመኑን አስቡ። በ1985 አዳራሹን የሚሞሉት ልጃገረዶች ስለነበሩ ጩኸቱ ቀጭንና የማያቋርጥ ነው። በ1993 ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ድምፁ ይከብዳል፣ ዝም ብለው ይቆዩና በአንድ ጊዜ ይፈነዳሉ። የ1993ን ዝምታ ከ1985 ጩኸት ጋር አነጻጽሮ «ሕዝቡ ቀዝቅዟል» ማለት ስህተት ነው።

የሆኩቶና የካንዶሪ ግጥሚያ ለምን ያን ያህል ይወደሳል?

ለመመዘን ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም። ካንዶሪ ከጁዶ የመጣች፣ የኤልኤልፒደብሊው ተፋላሚ ነበረች፤ ሆኩቶ ደግሞ ለዜንጆ ክብር የቆመች። የሁለት ቤቶች ጠብ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ማየት የሠርግ ቤት ፀብን ምክንያቱን ሳይሰሙ እንደማየት ነው።

መጀመሪያው ላይ ሆኩቶ በቡጢ ትጀምራለች፤ የካንዶሪ መልስ ክንድ መቆለፍ ነው። እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቁሙና አስተውሉ፦ ሁለቱ የሚናገሩት ቋንቋ የተለያየ ነው። አንዷ ትመታለች፣ ሌላዋ መገጣጠሚያ ታጠምዛለች። ከዚያ በኋላ የሆኩቶን ክንድ ተከታተሉ። ቀጥሎ ደሙ ይመጣል፤ ፊቷ በሙሉ ይለብሳል። ደሙን ራሱን አትመዝኑ። የምትመዝኑት ደሙ ከመጣ በኋላ የሁለቱ ፍጥነትና አቋም ተለውጧል ወይ የሚለውን ነው፤ ተለውጧል። ከ30 ደቂቃ በላይ ይሄድና መጨረሻው ላይ ጌጠኛ ውርወራ የለም። ሁለቱም ተዳክመው ቡጢ ይለዋወጣሉ፣ ሆኩቶም ካንዶሪ ላይ ወድቃ ታሸንፋለች። በቡጢ የተከፈተው በቡጢ ተዘጋ። በመካከል ያዩአቸው ታላላቅ ጥቃቶች ሁሉ ሊጨርሱት ያልቻሉትን የቀረ ጉልበት ጨረሰው። ዲሴምበር 6 ቀን 1993 በድጋሚ ሲጋጠሙ ካንዶሪ አሸነፈች፤ ሁለቱንም ማየት የመጀመሪያውን ያከብረዋል።

«ቶዮታ ፍጥነት ብቻ ናት፤ ሕመም አታሳይም» የሚለው ትችት ልክ ነው?

ግማሹ ልክ ነው። ቶዮታ ከከባድ ውርወራ በኋላ ተነስታ ወዲያው ከላይኛው ገመድ ስትዘል ይታያል፤ በግጥሚያ መሃል የተጠቃው እግሯ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ይህን እንደ ጉድለት መጻፍ ተገቢ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን የዜንጆን ልማድ ካለማወቅ ይመጣል። በዚያ ቤት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የእግርና የወገብ ቁልፎች ትንፋሽ መሰብሰቢያና ጥንካሬ መፈተኛ ናቸው፤ በኋላ ይከፈላል የሚል ቃል አይደሉም። ሕመሙ የሚታየው በሌላ ቦታ ነው። ተጣብቃ ስትቆጠር በአንገቷ ድልድይ ሠርታ የምትነሳበትን ሁኔታ ተመልከቱ። በ8ኛው ደቂቃ ድልድዩ ቀጥ ያለ ነው፤ በ25ኛው ትከሻዋን ብቻ በግድ ታነሳለች። ከአጃ ኮንግ ጋር ባደረገቻቸው ግጥሚያዎች ደግሞ ፍጥነቱ ራሱ ምክንያት አለው፦ ክብደቷ እጅግ የሚበልጣትን ሴት በቦታዋ ቆማ ልትታገል አትችልም። ማርች 26 ቀን 1995 ቀዩን ቀበቶ ከኮንግ ወሰደች፤ ጁን 27 ቀን ሳፖሮ ላይ ኮንግ አስመለሰች። ሁለተኛውን ስታዩ ቶዮታ በዘገየች ቁጥር ምን እንደሚደርስባት ቁጠሩ።

የአሜሪካው «ሬስሊንግ ኦብዘርቨር» ጋዜጣ በ1995 የዓመቱ ምርጥ የሪንግ ተፋላሚ ብሎ ከወንዶችም ከሴቶችም የመረጠው ቶዮታን ነበር።

ኮከብ እንዴት ልስጥ?

የተለመደው ከ0 እስከ 5 ሆኖ በሩብ የሚከፈል ነው። ከ5 ወደ ታች መቀነስ አይጠቅምም፤ ከ3 ጀምሩ። 3 ማለት «ጥሩ ነው፣ ሥራቸውን ሠርተዋል»። ጥቃቶቹ እርስ በርስ ከተያያዙ ግማሽ፣ ማሸነፊያው ከግጥሚያው ከወጣ ግማሽ፣ የውርርዱ ክብደት በተፋላሚዎቹ አካል ላይ ከታየ ግማሽ ጨምሩ። ወደ 5 የሚያደርሰው የመጨረሻው ግማሽ ከሳምንት በኋላ ይሰጥ፤ ሳታዩት ትዝ ካላችሁ ብቻ። ተበላሽቶ የተደገመ ጥቃት ሩብ ይቀንሳል፤ ተበላሽቶ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር የተለወጠ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ብልሃት ነው።

ለ60 ደቂቃ ግጥሚያ በየ15 ደቂቃው ለየብቻ ጻፉ። ቶዮታና ኢኖዌን በዚህ መንገድ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ሩብ ዝቅ፣ አራተኛው እጅግ ከፍ ብሎ ያገኘዋል።

የዳምፕ ማትሱሞቶ ግጥሚያዎች ላይ ዳኛው ለምን ያዳላል?

የታሪኩ አካል ነው። ሺሮ አቤ የሚባለው ዳኛ ከዳምፕ ቡድን ጋር ያበረ ተደርጎ የተሣለ ነበር፤ ለናጋዮ ሲቆጥር ይዘገያል፣ ለዳምፕ ይፈጥናል። ይህን እንደ ዳኝነት ስህተት አትቁጠሩት። የሚመዘነው ናጋዮ ሁለት ተቀናቃኝ እንዳለባት አውቃ መታገሏን ማሳየቷ ነው። ኖቬምበር 7 ቀን 1986 በድጋሚው የጸጉር ግጥሚያ ናጋዮ አሸንፋ ዳምፕ ተላጨች።

ለምን ሁሉም ያን ያህል ወጣት ናቸው?

ዜንጆ ውስጥ በ26 ዓመት መውጣት ልማድ ነበር። በ15 እና 16 ዓመታቸው ይገቡ ነበር፤ መጠጥ፣ ሲጋራና ወንድ ክልክል ነበሩ። ናጋዮ በ1980 ጀምራ ሜይ 6 ቀን 1989 ስትሰናበት ገና 24 ዓመቷ ነበር። ልማዱ በ1990ዎቹ ፈረሰ፤ ቶዮታ በ1987 ጀምራ እስከ 2017 ቆየች።

አደገኛ ጥቃት ተጨማሪ ነጥብ ይገባዋል?

አይገባውም። ፕለም ማሪኮ ኦገስት 15 ቀን 1997 ሂሮሺማ ላይ በግጥሚያ ተጎድታ በማግስቱ አረፈች። በጭንቅላት መውደቅ ብዙ ተመልካች የሚያስጮህ ቢሆንም ጩኸቱ የድንጋጤ እንጂ የትረካ አይደለም። የተወረወረችው አገጯን ወደ ደረቷ አጥፋ፣ በላይኛው ጀርባዋ ካረፈች ሥራው ንጹሕ ነው። አንገቷ ታጥፎ በአናቷ ካረፈች፣ ሆን ተብሎም ይሁን በስህተት፣ ወርዋሪዋ ላይ መጻፍ ያለበት ጉድለት ነው።

ከጓደኛዬ ጋር አንድ ግጥሚያ አይተን ካልተስማማንስ?

መጀመሪያ ቅጂዎቻችሁ አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ከክርክሩ ብዙው እዚያ ያልቃል። ቅጂው አንድ ከሆነ ኮከብ አታወዳድሩ፣ ደቂቃ አወዳድሩ። «የት ላይ ሸሸህ?» ብላችሁ ጠይቁና ያንን ሁለት ደቂቃ አብራችሁ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩት።